ሳይክልን ቤት ውስጥ ወደ ኤሌክትሪክ መቀየርና ማሻሻል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የማይወራበት ቤት የለም። እኔ ግን ለብዙዎቻችን አቅም የሚቀርበው ሳይክሉ ነው ባይ ነኝ። ቤት የቆመ የማርሽ ሳይክል፣ ሞተር፣ ባትሪና ትዕግሥት ካለ ዳገት የሚወጣ መጓጓዣ መሥራት ይቻላል። ከዚህ በታች ያሉት ሥራውን ሊጀምሩ ያሰቡ ወይም መሀል ላይ የቆሙ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ ዳገት ለበዛባት አዲስ አበባ የታሰቡ ናቸው። ባሕር ዳርና ሐዋሳ ላላችሁ ብዙው ነገር ይቀልላችኋል።

ለመጀመር ምን ምን ያስፈልገኛል?

መጀመሪያ ጤነኛ ሳይክል። ቸርኬው ያልተጣመመ፣ ራጂዎቹ የጠበቁ፣ ኩሽኔታው የማይንቋቋ ይሁን። ከቻላችሁ ፍሬሙ የብረት ቢሆን እመርጣለሁ። ብረት ቢሰነጠቅ ሰፈር ያለ በያጅ ያድነዋል። አሉሚኒየም ግን የራሱ ብየዳ ያስፈልገዋል፤ ሁሉም በያጅ አይሠራውም። በፍሬሙ መሀል ባትሪ የሚያስቀምጥ ሰፊ ሦስት ማዕዘን ቢኖረውና ዲስክ ፍሬን የሚቀበል ቢሆን ደግሞ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው።

ከዚያ ኪቱ ይመጣል። ሞተር፣ ኮንትሮለር (ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኮረንቲ የሚቆጣጠር ሳጥን)፣ ጋዝ መስጫ እጀታ፣ ፔዳል ሲዞር የሚያውቅ ሴንሰር፣ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩን የሚያቋርጥ እጀታና ትንሽ ስክሪን አብረው ይሸጣሉ። ባትሪው ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው። ከመሣሪያ በኩል መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የስታኞ መበየጃና ቮልት የሚለካ ቴስተር ይበቃሉ። ቴስተሩን አደራ። ያለ እሱ ችግር ሲመጣ በግምት ዕቃ እየቀየራችሁ ገንዘብ ትጨርሳላችሁ።

በጀታችሁን ስታወጡ ግማሽ ያህሉን ለባትሪ መድቡ። ከቀረው ላይ ለፍሬን ቆርጣችሁ አስቀምጡ። ሞተሩ ሦስተኛ ነው።

ስንት ዋት ሞተር ይበቃኛል?

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። መልሱ በዳገቱና በክብደታችሁ ይወሰናል፤ ስለዚህ አብረን እናስላው።

ሰው፣ ሳይክልና ቦርሳ ተደምሮ 100 ኪሎ ይሁን። 8 በመቶ ዳገት ማለት በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር የሚወጣ መንገድ ነው። ይህን ዳገት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለመውጣት የመሬት ስበትን ለማሸነፍ ብቻ 327 ዋት ያህል ያስፈልጋል። የጎማና የንፋስ ግጭት ሲጨመር 370 አካባቢ ይደርሳል። እናንተ ፔዳል እየመታችሁ 100 ዋት ብታዋጡ ለሞተሩ 270 ይቀረዋል። ሞተሩ ከሚወስደው ኮረንቲ ሩቡ ያህል ሙቀት ሆኖ ስለሚጠፋ ከባትሪው የሚወጣው 360 ዋት አካባቢ ነው።

እንግዲህ በትክክል የተመረጠ የ500 ዋት ሞተር ለአብዛኛው የአዲስ አበባ መንገድ ይበቃል። 250 ዋት ለሜዳ ከተማ ጥሩ ነው፤ ዳገት ላይ ግን ፔዳል መምታት ግዴታችሁ ይሆናል። ዕቃ የምትጭኑ ወይም ሽሮ ሜዳን አልፋችሁ እንጦጦ የምትወጡ ከሆነ 750 ዋት አስቡ። 1500 ዋት እያላችሁ የምትፈልጉ ሰዎች ግን ቆም በሉ። ያንን ኃይል የሚችል ባትሪ፣ ፍሬንና ፍሬም ከሞተሩ በላይ ያስወጣችኋል።

ጎማ ውስጥ የሚገባው ሞተር ይሻላል ወይስ ፔዳሉ ላይ የሚገጠመው?

ጎማ ውስጥ የሚገባው ሀብ ሞተር ይባላል። ሐሳቡ የቆየ ነው። ኦግደን ቦልተን የሚባል አሜሪካዊ የኋላ ጎማ ውስጥ ሞተር ያለው ሳይክል በፈረንጆቹ 1895 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። ሀብ ሞተር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ውስጡ ትናንሽ ጥርሶች አሉት። ቀላል ነው፤ ለክብደቱ ጥሩ ጉልበት አለው፤ ኃይል ሲቋረጥም ጎማው በነፃ ይዞራል። ሁለተኛው ጥርስ የለውም፤ ጎማውን በቀጥታ ያዞራል። ድምፅ የለውም፣ የሚበላ ጥርስም የለውም። ግን ከባድ ነው፤ ባትሪ ሲያልቅ ደግሞ ወደ ኋላ ይጎትታል።

የሁለቱም ድክመት ረጅምና ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ሀብ ሞተር የሳይክሉን ማርሽ መጠቀም አይችልም። በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር እንዲሮጥ የተሠራ ሞተር በ10 ኪሎ ሜትር እያቃሰተ ሲወጣ ከሚወስደው ኮረንቲ ግማሽ ያህሉ ሙቀት ሊሆን ይችላል። ጥርስ ባለው ሞተር ውስጥ ያሉት የናይለን ጥርሶች የሚበሉት፣ ጥርስ በሌለው ውስጥ ደግሞ ጥቅልሉ የሚቃጠለው እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ነው።

ፔዳሉ ላይ የሚገጠመው ሚድ ድራይቭ ይህን ችግር ይፈታል። ኃይሉ በካቴናው በኩል ስለሚያልፍ ማርሽ ትቀይራላችሁ፤ ሞተሩም በሚመቸው ፍጥነት እየዞረ ሳይክሉ ቀስ ብሎ ይወጣል። ከእነዚህ ውስጥ የታወቀው የቻይናው ባፋንግ ቢ-ቢ-ኤስ 02 ሲሆን በ48 ቮልት 750 ዋት የሚሰጥ አለው። ከመግዛታችሁ በፊት የፔዳሉ መዘውር የሚያልፍበትን የፍሬም ቱቦ ስፋት ለኩ። 68 ወይም 73 ሚሊ ሜትር ከሆነ ይገባል። ጉዳቱ ካቴናና የኋላ ጥርስ ቶሎ መብላቱ ነው። ማርሽ ስትቀይሩ ጋዙን ልቀቁ፤ አለዚያ ካቴናው ዳገት መሀል ይበጠሳል።

የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው። አዲስ አበባ ላይ አቅም ካለ ሚድ ድራይቭ፤ ካልሆነ ጥርስ ያለው ሀብ ሞተር በ26 ቁጥር ጎማ። ጎማው ባነሰ ቁጥር ያው ሞተር የበለጠ ስለሚገፋ በ29 ቁጥር ላይ ባትገጥሙት ይሻላል። ባሕር ዳር ቢሆን ግን ሀብ ሞተር ገጥሜ እገላገላለሁ።

የፊት ጎማ ላይ ብገጥመውስ? ቀላል ይመስላል።

መግጠሙ ቀላል ነው፤ መዘዙ ግን ከባድ ነው። ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት ሲያዞር አክሰሉ ወደ ኋላ ለመዞር ይታገላል። የፊት ሹካው አሉሚኒየም ከሆነ አክሰሉን የያዘበት ጫፍ ይሰነጠቅና ጎማው ይወጣል። እየነዳችሁ ይህ ቢደርስ በፊታችሁ ነው የምትወድቁት። የፊት ጎማ ላይ መግጠም ግድ ከሆነ ሹካው የብረት ይሁን፣ ሞተሩም ትንሽ።

ከፊትም ሆነ ከኋላ አክሰሉን የሚቆልፍ የብረት ክንድ ግጠሙ። ብረት ቤት ወፍራም ፍላት ብረት አስቆርጣችሁ በአክሰሉ ልክ ማስበሳት ትችላላችሁ። ዳዶ ማጥበቅ ብቻውን አይበቃም። አክሰሉ ከዞረ ሽቦዎቹንም አብሮ ጠምዝዞ ይቆርጣቸዋል።

የመኪና ባትሪ አይሆንም?

አይሆንም። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት ለአንድ አፍታ ብዙ ኮረንቲ እንዲሰጥ የተሠራ ነው። ደጋግሞ እስኪያልቅ ከተጠቀማችሁበት በአጭር ጊዜ ይሞታል። ክብደቱም አለ፤ ለ48 ቮልት አራት ያስፈልጋል።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር የሚይዝ ዕቃ) ውስጥ ያለውን ዓይነት 12 ቮልት 12 አምፒር-ሰዓት ባትሪ አራት ገጥመው የሚጀምሩ አሉ። አምፒር-ሰዓት ባትሪው ምን ያህል ኮረንቲ ለስንት ሰዓት እንደሚሰጥ የሚናገር ልክ ነው። ለመማሪያ ክፉ አይደለም። ነገር ግን አራቱ 16 ኪሎ ያህል ይመዝናሉ፤ ዕድሜያቸውን ላለማሳጠር ደግሞ ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው የምትጠቀሙት። 48 ቮልት 13 አምፒር-ሰዓት ሊቲየም ባትሪ አራት ኪሎ አካባቢ ነው።

36 ቮልት ልያዝ ወይስ 48?

48። ለተመሳሳይ ኃይል የሚያልፈው ኮረንቲ ስለሚያንስ ሽቦውና ማያያዣው አይግልም። ቻርጀሩ ከባትሪው ጋር መመሳሰሉን ደግሞ በቁጥር አረጋግጡ። ተራው የ36 ቮልት ሊቲየም ሲሞላ 42፣ የ48ቱ 54.6 ቮልት ይደርሳል። 16 ሴል (ትልቁ ባትሪ የሚገጣጠምባቸው ትናንሽ ባትሪዎች) የተደረደረበት የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪም ገበያ ላይ «48 ቮልት» ይባላል፤ እሱ ግን የሚሞላው በ58.4 ነው። ቻርጀር ማቀያየር እሳት ነው።

ከአሮጌ ላፕቶፕ ሴል አውጥቼ ባትሪውን ራሴ ብሠራስ?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ያሳስበኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

ይቻላል። ብዙ ሰው አድርጎታል። ብዙ ቤትም ተቃጥሎበታል። ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ በፈረንጆቹ 2023 ብቻ በሊቲየም ባትሪ እሳት 18 ሰው ሞቷል። ከተማዋ በዚያው ዓመት ካገለገለ ባትሪ በወጣ ሴል ሌላ ባትሪ ገጣጥሞ መሸጥን በሕግ ከልክላለች።

ከላፕቶፕ የሚወጣው 18650 የሚባለው ሴል ለዝግ ያለ ሥራ የተሠራ ነው። ሒሳቡን እዩ። ኮንትሮለራችሁ 20 አምፒር የሚስብ ከሆነና አራት አራት ሴል ጎን ለጎን ካሰራችሁ እያንዳንዱ ሴል 5 አምፒር ይሰጣል። 2.2 አምፒር-ሰዓት ላለው ያረጀ ሴል ይህ ከአቅም በላይ ነው። ይግላል፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ የደከመው ሴል ደግሞ ጎረቤቶቹን ይዞ ይወድቃል።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የሴሉ ብረት አካል በሙሉ፣ እስከ አናቱ ድረስ፣ ኔጌቲቭ ነው። ፖዘቲቩ አናቱ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ብቻ ናት። ሁለቱን የሚለያቸው ስስ ፕላስቲክ ከተቀደደ በላዩ ያለፈው የኒኬል ቁራጭ ሴሉን በቀጥታ ሾርት ያደርገዋል። ለዚህ ነው ፖዘቲቩ ዙሪያ የወረቀት ቀለበት የሚለጠፈው።

በዚህ ሁሉ ላይ ካመናችሁበት አዲስ ሴል፣ አንድ ዓይነት፣ ከታወቀ አምራች ግዙ። ለ48 ቮልት 13 ተከታታይ ረድፍ ነው፤ በየረድፉ አራት ከሆነ 52 ሴል ማለት ነው። ሴሉን በስታኞ አትበይዱ። ሙቀቱ ውስጡን ይጎዳዋል፤ የነጥብ ብየዳ ማሽን ነው የሚያስፈልገው። ቢ-ኤም-ኤስ የሚባለውን መጠበቂያ ካርድ በፍጹም አትዝለሉ። እያንዳንዱ ረድፍ ከልክ በላይ እንዳይሞላና ከልክ በታች እንዳይወርድ የሚጠብቀው እሱ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ የ30 ወይም የ40 አምፒር ፊውዝ አስገቡ።

የመጀመሪያ ሥራችሁ ከሆነ ግን ምክሬ አንድ ነው። ሞተሩን ራሳችሁ ግጠሙ፣ ባትሪውን የተሠራ ግዙ።

በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ?

ቮልቱን በአምፒር-ሰዓቱ አባዙ። 48 በ13 ሲባዛ 624 ዋት-ሰዓት ነው። ሜዳ ላይ ፔዳል እየመቱ በኪሎ ሜትር 10 ዋት-ሰዓት አካባቢ ይበቃል፤ ፔዳል ካልመታችሁ ወይም ከፈጠናችሁ 20 ይደርሳል። ስለዚህ ከ30 እስከ 60 ኪሎ ሜትር።

ለዳገት የተሻለ ስሌት አለ። 100 ኪሎ ጭነት በሞተር ብቻ 100 ሜትር ከፍታ ሲወጣ ከባትሪው 36 ዋት-ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከመሀል ከተማ እንጦጦ ማርያም ድረስ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ነው። ለመውጣቱ ብቻ 220 ዋት-ሰዓት አስቡ። ከባትሪው ሲሶው እዚያ ላይ ያልቃል ማለት ነው።

ቻርጅ ሳደርግ ምን ልጠንቀቅ?

የ2 አምፒር ቻርጀር 13 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ለመሙላት ሰባት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። የሚበላው መብራት ከአንድ ኪሎዋት-ሰዓት በታች ነው። ስለ ወጪው አትጨነቁ፤ ስለ ቦታው ግን ተጨነቁ። አልጋ ሥር አይሁን፣ መውጫ በር አጠገብም አይሁን። እሳት ቢነሳ መውጫ ያሳጣችኋል። ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ሰው ነቅቶ ባለበት ሰዓት ቻርጅ አድርጉ። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ንቀሉት፤ ተመልሶ ሲመጣ ጥቂት ጠብቃችሁ ሰኩት። ከወደቀ ወይም ካበጠ ባትሪ ጋር ዕድላችሁን አትሞክሩ።

ሞተሩ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይዞርም። ተቃጠለ ማለት ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም። ከሞተሩ ሦስት ወፍራም ሽቦ ይወጣል፦ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። ከእነሱ ጋር አምስት ቀጫጭን አሉ። ቀዩ 5 ቮልት፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ፣ ሦስቱ ደግሞ የሞተሩን አቅጣጫ የሚናገሩ የሆል ሴንሰር ሽቦዎች ናቸው። ሞተሩና ኮንትሮለሩ የተለያየ ፋብሪካ ሥራ ከሆኑ ቀለም ከቀለም መግጠሙ ላይሠራ ይችላል። ወፍራሞቹን እንዳሉ ትታችሁ የሦስቱን ቀጫጭኖች ቅደም ተከተል እየቀያየራችሁ ሞክሩ። ጎማውን ከመሬት አንሱ፤ ጋዙን ትንሽ ብቻ ንኩ። ሳይንቀጠቀጥ ወደ ኋላ ከዞረ ግን ከወፍራሞቹ ሁለቱን አቀያይሩና ቀጫጭኖቹን እንደገና እየቀያየራችሁ ሞክሩ።

ቀድሞ ይሠራ የነበረ ከሆነ ግን ቴስተሩን አውጡ። ባትሪውን አብሩ፣ አንዱን የቴስተር ጫፍ ጥቁሩ ሽቦ ላይ አድርጋችሁ በሌላው ሦስቱን ቀጫጭኖች አንድ በአንድ ለኩ፣ ጎማውን በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። እያንዳንዱ ከዜሮ ወደ 5 ቮልት አካባቢ እየዘለለ መመላለስ አለበት። አንዱ ካልተነቃነቀ ሴንሰሩ ሞቷል ወይም ሽቦው አክሰሉ ጋ ተቆርጧል። ጥርስ ያለው ሞተር ከሆነ ጎማውን ወደ ኋላ አዙሩት፤ ወደ ፊት ሲዞር ሞተሩ አብሮ አይዞርም።

አንድ ሌላ ምልክት ልስጣችሁ። ባትሪው ጠፍቶ ጎማው ሲዞር የሚይዝና የሚለቅ ከሆነ ሦስቱን ወፍራም ሽቦ ከኮንትሮለሩ ንቀሉ። ያኔ ከቀለለው የተቃጠለው ኮንትሮለሩ ነው። ጋዙንም አትርሱት። ሳይነካ የሲግናሉ ሽቦ 0.8 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ወደ 4 ይጠጋል።

ቁልቁለት ላይ ባትሪውን መልሶ ይሞላል?

ጥርስ የሌለው ሀብ ሞተር ከሆነና ኮንትሮለሩ ከፈቀደ ብቻ። ትርፉ ትንሽ ነው፤ በከተማ አነዳድ ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢመልስ ነው። ዋናው ጥቅሙ ፍሬናችሁን ማገዙ ነው።

ከፍታ ቦታ የምትኖሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጠዋት ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ቁልቁል ስትወርዱ የሚመለሰው ኮረንቲ መግቢያ የለውም። ቢ-ኤም-ኤሱ ይቆርጠዋል፤ የሞተሩ ፍሬንም በድንገት ይጠፋል። ማታ ከ80 እስከ 90 በመቶ ብቻ ሙሉት። ለባትሪው ዕድሜም ይበጃል።

ከተሠራ በኋላ መጀመሪያ ምን ላሻሽል?

ፍሬን። ሳይክሉ በፊት ከነበረው ክብደትና ፍጥነት በላይ ሆኗል፤ ፍሬኑ ግን ያው ነው። ቸርኬውን በላስቲክ የሚቆነጥጠውን ፍሬን ቢያንስ ከፊት ወደ ዲስክ ቀይሩት። በሽቦ የሚሠራ ዲስክ ካላችሁ 160 ሚሊ ሜትሩን ወደ 180 አሳድጉ። ከእንጦጦ ስትወርዱ ፍሬኑን ሳትለቁ ይዛችሁ አትውረዱ። ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ልቀቁ፣ ፊትና ኋላ አፈራርቁ፤ ዲስኩ እንዲቀዘቅዝ ዕድል ስጡት።

ቀጥሎ ጎማ። ሰፋ ያለ፣ ሹል ነገር የሚቋቋምና በሚገባ የተነፋ ጎማ ካላማዳሪያውን ያድናል፤ ርቀትም ይጨምራል። ሀብ ሞተር ያለው ጎማ መንገድ ላይ ሲፈነዳ መፍታቱ አድካሚ ስለሆነ የአክሰሉን መፍቻ ሁልጊዜ ያዙ። ባትሪውን ከኋላ ዕቃ መጫኛ ላይ አውርዳችሁ ፍሬሙ መሀል ብታደርጉት አነዳዱ ወዲያው ይለወጣል።

ፍጥነቱን መጨመር ግን እፈልጋለሁ።

የ36 ቮልቱን ኮንትሮለር በ48 ቮልት ባትሪ ለማስሮጥ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ከፍቶ ውስጡ ያሉትን ካፓሲተሮች ያንብብ። 50 ቮልት የሚል ከተጻፈባቸው የሞላ ባትሪ 54.6 ስለሆነ ይፈነዳሉ። 63 የሚል ያስፈልጋል። ኮንትሮለሩ ውስጥ ያለውን የኮረንቲ መለኪያ ሽቦ በስታኞ ማወፈር የሚባለውን ዘዴም አልመክርም። ኮንትሮለሩ የሚያልፈውን ኮረንቲ አሳንሶ ስለሚያይ ከልኩ በላይ ይስባል። ሙቀቱን የሚከፍሉት ትራንዚስተሮቹና ባትሪው ናቸው።

ፍጥነት ከ25 ወደ 40 ሲያድግ ንፋስን ለማሸነፍ ብቻ የሚያስፈልገው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ባትሪያችሁ እዚያ ነው የሚያልቀው። ያንን ገንዘብ ሁለተኛ ባትሪ ላይ ብታውሉት ይሻላል።

ውጭ ያለ ዘመድ ባትሪውን በሻንጣ ያምጣልኝ?

አይችልም። በመንገደኞች አውሮፕላን እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለ ባትሪ ይፈቀዳል፤ እስከ 160 ያለው በአየር መንገዱ ፈቃድ ነው። የሳይክል ባትሪ 400፣ 600 ነው። ኤርፖርት ላይ ይወሰድበታል። ሞተሩን፣ ኮንትሮለሩንና ስክሪኑን ግን ያለ ባትሪ ማምጣት ይቻላል።

እኔ የምኖረው ውጭ ነው። የሠራሁትን መንዳት እችላለሁ?

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሳይክል ተብሎ ያለ ሰሌዳ የሚነዳው ሞተሩ 250 ዋት ያልበለጠ፣ ፔዳል ሲመታ ብቻ የሚያግዝና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ እገዛውን የሚያቆም ነው። እስራኤልም በ250 ዋትና በ25 ኪሎ ሜትር ትገድባለች፤ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ መንዳት አይፈቀድለትም። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራሉ ሕግ ከ750 ዋት በታች የሆነና በሞተር ብቻ ከ32 ኪሎ ሜትር በታች የሚሮጠውን እንደ ሳይክል ያየዋል፤ መንገድ ላይ የመንዳቱን ጉዳይ ግን እያንዳንዱ ግዛት ለብቻው ይወስናል። በአፓርትመንት የምትኖሩ የኪራይ ውላችሁንም አንብቡ።

ክረምት ላይ መንዳት ይቻላል?

ይቻላል፤ ውኃ በሚገባበት በኩል ከታሰበበት። ሽቦዎቹ ወደ ሞተርም ሆነ ወደ ኮንትሮለር ከመግባታቸው በፊት ወደ ታች ጎንበስ ብለው ይውረዱ፤ ውኃው ተከትሏቸው ሳይገባ ዝቅ ካለው ቦታ ይንጠባጠባል። የኮንትሮለሩን ሽቦ መውጫ ወደ ታች አዙሩት፤ ማያያዣዎቹን በሲሊኮን ድፈኑ። ሳይክሉን በከፍተኛ ግፊት ውኃ አታሳጥቡ። ጎርፍ የሞላበት መንገድ ላይ ሞተሩ እስኪሰጥም አትግቡ፤ አጥፍታችሁ ግፉት። ከረጅም ዝናብ በኋላ ደግሞ ቻርጅ ከማድረጋችሁ በፊት የቻርጅ ቀዳዳውን በደንብ አድርቁት።